ለመብል የሆነ እንቁላል ሁሉ ለመፈልፈያ አይሆንም

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ጫጩት እጥረትና ስለ መፈልፈያ ማሽን ያወጣችሁትን ዘገባ አንብበናል። የመብራት መቆራረጥን፣ የማሽን ጥራትንና የክትባትን ጉዳይ በሚገባ አንስቷል። ሳይነካው ያለፈው ጥያቄ አንድ ነው፦ እንቁላሉን የጣለችው ዶሮ ምን በልታ ነበር? ድሬዳዋ ላይ 100 እንቁላል ማሽን ውስጥ አስገብቶ 45 ጫጩት ብቻ ያወጣ ሰው የመጀመሪያ ቃሉ «አቦ፣ ማሽኑ ነው!» የሚል ነው። አንዳንዴ እውነትም ማሽኑ ነው። ሌላ ጊዜ ግን ጥፋቱ እንቁላሉ ማሽን ሳይገባ ከሳምንታት በፊት መኖ ገንዳው ላይ ያለቀ ነገር ነው።

የእንቁላል ቅርፊት አንዴ ከተዘጋ በኋላ ሽሉ ከውጭ የሚያገኘው ሙቀትና አየር ብቻ ነው። በ21 ቀን ውስጥ አጥንቱን፣ ደሙንና ላባውን የሚሠራበት ማዕድን በሙሉ እናቱ ቀድማ ያስቀመጠችለት መሆን አለበት። ብረቱ፣ ዚንኩ፣ ማንጋኒዙና መዳቡ አብዛኛው የተቀመጠው አስኳሉ ውስጥ ሲሆን ሴሌኒየም ግን በአስኳሉም በነጩም ክፍል ይገኛል። እነዚህን ወደ አስኳሉ የሚያደርሳቸው ከዶሮዋ ጉበት የሚወጣ ፕሮቲን ነው። አስኳሉ በፍጥነት የሚሞላውም ከመጣሉ በፊት ባሉት 10 ቀናት ገደማ ነው። ጫጩቱ ከተፈለፈለ በኋላም ለጥቂት ቀናት በሆዱ የቀረውን አስኳል ይጠቀማል። ስለዚህ የእናቲቱ መኖ ጉድለት እስከ ሁለተኛው ሳምንት ድረስ ጫጩቱን ይከተለዋል።

ነገሩን የሚያወሳስበው ዶሮዋ ራሷ ጤነኛ መስላ መታየቷ ነው። ማንጋኒዝ በጎደለው መኖ ላይ ያለች ዶሮ መጣሏን አታቆምም፤ ኪዮስክ የሚሸጠው እንቁላልም ምንም ነውር የለበትም። በፈረንጆች 1994 የወጣው የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ሠንጠረዥ በቀን 100 ግራም ለምትበላ እንቁላል ጣይ በአንድ ኪሎ መኖ 20 ሚሊ ግራም ማንጋኒዝና 35 ሚሊ ግራም ዚንክ ይላል። ይህ ወለሉ ነው። የእናት ዶሮ ዝርያ አቅራቢዎች ለመፈልፈያ እንቁላል የሚያወጡት መመሪያ ግን ማንጋኒዝን ወደ 120፣ ዚንክን ወደ 110፣ መዳብን ከ10 እስከ 16፣ አዮዲንን ከ1 እስከ 2፣ ሴሌኒየምን 0.3 ሚሊ ግራም ያደርሰዋል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የትየለሌ ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ ለመፈልፈያ የሚሰበሰበው እንቁላል ብዙውን ጊዜ የሚመጣው አውራ ዶሮ ገብቶባቸው መኖ ካልተቀየረላቸው እንቁላል ጣዮች ነው።

የሐበሻ ዶሮስ ማን ፕሪሚክስ (መኖ ላይ የሚጨመረውን የማዕድንና የቫይታሚን ቅይጥ) ሰጥቷት ነው 12 ታቅፋ 10 የምታወጣው የሚል ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ ነው። እሷ ቀኑን ሙሉ አፈር ትጭራለች፤ ምስጥ፣ ትል፣ ቅጠልና የወደቀ እህል ትለቅማለች፤ የምትጥለውም በዓመት ጥቂት እንቁላል ስለሆነ ከሰውነቷ የሚወጣው ማዕድን ትንሽ ነው። ሲሚንቶ ወለል ላይ ወይም ኬጅ ውስጥ ያለች፣ በየቀኑ የምትጥል ዶሮ አፈር የሚባል ነገር አታይም። ያላት ገንዳው ውስጥ ያለው ብቻ ነው።

አሁን ወደ ድሬዳዋ ሙቀት እንምጣ፤ የኛ ከተማ ችግር በዋናነት እዚህ ላይ ነው። በከረጢት ላይ የተጻፈው መጠን «በኪሎ መኖ» ነው፤ ዶሮዋ የምትፈልገው ግን በቀን ነው። 115 ግራም እንድትበላ ታስቦ 120 ሚሊ ግራም ማንጋኒዝ በኪሎ የተደረገበት መኖ በቀን 13.8 ሚሊ ግራም ይሰጣታል። በግንቦትና በሰኔ ሙቀት ያችው ዶሮ 90 ግራም ብቻ ከበላች የምታገኘው 10.8 ይሆናል። ሐረር ከድሬዳዋ በ600 ሜትር ያህል ከፍ ያለች በመሆኗ ያው ከረጢት እዚያ ሲበቃ እዚህ የማይበቃበት ጊዜ አለ። መፍትሔው ሒሳብ ነው። ለ100 ዶሮ ጠዋት 12 ኪሎ መዝኖ መስጠት፣ በማግስቱ የተረፈውን መመዘን፣ ይህንንም ሦስት ቀን ደጋግሞ አማካዩን መያዝ። 90 ግራም ከወጣ 115ን ለ90 ማካፈል፤ ውጤቱ 1.28 ገደማ ነው። በኩንታል 500 ግራም ፕሪሚክስ ይገባ ከነበረ 640 ግራም ይሁን ማለት ነው። መኖው በሙቀት ላይ ካለው ዶሮ ጋር እንዲስማማ ደግሞ ከንጋቱ 11 ሰዓትና አመሻሽ ላይ መስጠት ይሻላል፤ ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ የቀረበ መኖ አይበላም፣ አቧራ ብቻ ይሆናል።

ሙቀቱ ሌላም ወጥመድ አለው። ዶሮዋ ስታለከልክ ከደሟ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ ቅርፊት የሚሠራበት ካርቦኔት ያንሳል፤ እንቁላሉ ይሳሳል። ባለቤቱ የሳሳ ቅርፊት ሲያይ እጁ የሚሄደው ወደ ኖራ ድንጋይ ዱቄት ነው። ድሬዳዋ ላይ ደግሞ ኖራ ድንጋይ አይቸግርም። 50 ኪሎ የእንቁላል ጣይ መኖ 3.5 በመቶ ካልሲየም ካለው በውስጡ 1.75 ኪሎ ካልሲየም አለ። ሁለት ኪሎ ኖራ ድንጋይ ሲጨመርበት 0.76 ኪሎ ያህል ካልሲየም ይጨምራል፤ ድምሩ ለ52 ኪሎ ሲካፈል 4.8 በመቶ ይደርሳል። የበዛ ካልሲየም፣ በተለይ ከአጥንት ዱቄት ፎስፈረስ ጋር ሲሆን፣ አንጀት ውስጥ ማንጋኒዝን እንዳይገባ ይይዘዋል፤ ዚንኩንም እህል ውስጥ ካለው ፋይቴት ከሚባል ማዕድን አሳሪ ንጥረ ነገር ጋር አጣብቆ ያስቀረዋል። ማንጋኒዝ ሲያንስ ደግሞ የቅርፊቱ መሠረት የሆነው ስስ ሽፋን በደንብ አይሠራም፣ ቅርፊቱም ይብስ ይሳሳል። ባለቤቱ ያንን አይቶ ሦስተኛውን ኪሎ ይጨምራል። ይህ ክብ ሲጀመር ማቆሚያው ኖራውን መቀነስ እንጂ መጨመር አይደለም። የሚያስፈልገውን ተጨማሪ ካልሲየም ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር በሆነ ጠጠር መልክ፣ በተለየ ዕቃ፣ ከሰዓት በኋላ ማቅረብ ይበቃል። ቅርፊቱ የሚሠራው ሌሊት ስለሆነ ዶሮዋ ራሷ በልኳ ትወስዳለች።

በነገራችን ላይ «የድሬ ውሃ ኖራ ስላለው ሌላ ካልሲየም አያስፈልጋትም» የሚሉም አሉ። ጀበናው ላይ ነጭ ቅርፊት የሚሠራው ውሃ ጠንካራ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን በሊትር 200 ሚሊ ግራም ካልሲየም ቢኖረው እንኳ 300 ሚሊ ሊትር የጠጣች ዶሮ የምታገኘው 60 ሚሊ ግራም ነው፤ ከመኖዋ ማግኘት ያለባት 4,000 ሚሊ ግራም ነው።

ጉድለቱ ሲደርስ እንዴት እንደሚታይ እንናገር። ማንጋኒዝ የጎደለው ሽል በብዛት የሚሞተው በመጨረሻዎቹ ቀናት፣ ከ18 እስከ 21 ባለው ነው። ሲሰበር እግሩና ክንፉ አጭርና ወፍራም፣ ጭንቅላቱ ድቡልቡል፣ ምንቃሩ እንደ በቀቀን የታጠፈ ሆኖ ይገኛል። ይህን ያሳዩት በፈረንጆች 1937 የኬንታኪ ተመራማሪዎች ናቸው፤ ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የኮርኔል ተመራማሪዎች የጫጩትን የጅማት መውጣት በማንጋኒዝ መከላከል እንደሚቻል አሳይተው ነበር። ነገሩ 90 ዓመት ሊሞላው ነው፤ አሁንም «ፈንግል ነው» ተብሎ ይታለፋል።

የተፈለፈለው ጫጩት ላይ ያለውን በእጅ መዳሰስ ይቻላል። ጫጩቱን ገልብጦ ይዞ፣ በእግሩ ኋላ በኩል መጋጠሚያው ላይ አውራ ጣትን ወዲያና ወዲህ ማንከባለል ነው። ጤነኛ ከሆነ ወፍራም ክር የመሰለው ጅማት መሐል ባለው ቦይ ውስጥ ይገኛል። የተጎዳ ከሆነ መጋጠሚያው አብጦና ጠፍጠፍ ብሎ፣ ጅማቱ ከቦዩ ወጥቶ ወደ ጎን ሸርተት ብሎ ይዳሰሳል፤ ከዚያ በታች ያለው እግር ወደ ውጭ ይጣመማል፤ ጫጩቱም በመጋጠሚያው ተቀምጦ ይጎተታል። አንዴ ከወጣ ማዕድን ቢሰጠውም አይመለስም፤ የሚሰጠው ለቀሩት ነው። የኮሊን፣ የባዮቲንና የፎሊክ አሲድ ጉድለትም ይህንኑ ያመጣል። ስለዚህ ማንጋኒዝ ብቻውን ተጨምሮ ለውጥ ካልመጣ ፕሪሚክሱን በሙሉ መጠርጠር ነው።

እግሩ የተበላሸ ጫጩት ሁሉ ግን የማዕድን ጉድለት ያለበት አይደለም። ፕላስቲክ ወይም ጋዜጣ (ይቅርታ አድርጉልን) የተነጠፈበት ወለል ላይ የዋለ ጫጩት ሁለት እግሩ ወደ ጎንና ጎን ይከፈታል፤ ጅማቱ ግን በቦታው ነው። ሻካራ ጉዝጓዝ ይበቃዋል። ጣቶቹ ወደ ውስጥ እንደ ጡጫ ከተጠቀለሉ ቫይታሚን ቢ2 ነው። ከፍ ያለ ዶሮ አንዱን እግር ወደፊት ሌላውን ወደኋላ ዘርግቶ ከወደቀ ማሬክ የሚባለው የዶሮ በሽታ ይጠረጠራል።

የዚንክ ጉድለት ላባን ያበጣጥሳል፣ የእግርን ቆዳ ያሻክራል፣ ሽሉ ላይ ደግሞ የጀርባ አጥንትን ያጣምማል፤ ሲከፋ እግር ወይም ክንፍ የሌለው ሽል ይገኛል። ሴሌኒየም ከቫይታሚን ኢ ጋር ሲጎድል ከጫጩቱ ደረትና ሆድ ቆዳ ሥር አረንጓዴ ሰማያዊ የሚመስል ውሃ ይቋጥራል። አዮዲን ሲያንስ መፈልፈሉ ይዘገያል፣ እምብርቱ ሳይዘጋ ይወጣል። መዳብ ሲጎድል ሽሉ የደም ሥሮች በሚዘረጉበት ጊዜ፣ ገና መልክ ሳይዝ፣ ይሞታል፤ ምንም የሚታይ ጉድለት አይኖረውም። ከሁሉ ለማወቅ የሚያስቸግረው እሱ ነው።

ስለዚህ ማሽኑን ከመውቀስ በፊት በ22ኛው ቀን ያልተፈለፈሉትን ሰብሮ ማየት ያስፈልጋል። ባልዲና ጓንት እንጂ ላቦራቶሪ አይጠይቅም። ምንም ያልተዳቀሉትን፣ እስከ 7 ቀን የሞቱትን፣ ከ8 እስከ 17 የሞቱትን፣ ከ18 በኋላ የሞቱትን ለይቶ መቁጠር ነው። ያልተዳቀለው ከበዛ ችግሩ አውራው ዘንድ ነው፤ ለ10 ዶሮ አንድ ጤነኛ አውራ መኖሩንና አለመወፈሩን ማየት ነው። የሙቀት መዛባት ብዙ የሚገድለው መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ነው። መሐል ላይ፣ ከ8 እስከ 17 ባለው፣ የሚሞተው በተለመደው ጊዜ ከ100 አንድ ሁለት ነው፤ ከዚያ ከበዛ መኖውን ጠርጥሩ። መጨረሻ ላይ የሞቱት ምንቃራቸው የታጠፈና እግራቸው ያጠረ ከሆነ ደግሞ ቴርሞሜትር መቀየር ትርፉ ድካም ነው።

መኖ ውስጥ ስለሚገባው ነገር ጥቂት እንጨምር። በቆሎ ማንጋኒዝ የለውም ማለት ይቻላል፤ በኪሎ 7 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። ፍሩሽካ በወረቀት ላይ ከ100 በላይ ማንጋኒዝ አለው፤ ነገር ግን ከፋይቴት ጋር የታሰረ ስለሆነ ዶሮዋ የምታገኘው ትንሹን ነው። የኑግ ፋጉሎም እንደዚያው። ዋጋ ሲንር 50 ኪሎ ከረጢት መኖ ላይ 25 ኪሎ ፍሩሽካ ቀላቅሎ ማብዛት የተለመደ ሆኗል። እንዲህ ሲደረግ አዮዲኑና ሴሌኒየሙ በአንድ ሦስተኛ ይቀንሳሉ፤ ፋይቴቱ ይጨምራል፤ ዶሮዋም ሆዷ በፍሩሽካው ተሞልቶ ትጠግባለች። መቀላቀል የግድ ከሆነ በፍሩሽካው ልክ ፕሪሚክስ መጨመር፣ ከተገኘም ፋይቴቱን የሚፈታው ፋይቴዝ ኢንዛይም ያለበትን መምረጥ ይገባል።

አዮዲን ከጨው ይገኛል የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። በኪሎ 30 ሚሊ ግራም አዮዲን ያለው ጨው በኩንታል 300 ግራም ቢገባ ለአንድ ኪሎ መኖ የሚደርሰው 0.09 ሚሊ ግራም ነው። ከ1 እስከ 2 ሚሊ ግራም ለምትፈልገው እናት ዶሮ ከአሥር አንዱ እንኳ አይሞላም። በዚያ ላይ ለከብት እየተባለ የሚሸጠው ጨው አዮዲን ላይኖረው ይችላል። ጨው ጨምሮ ለማካካስ መሞከር ደግሞ ዶሮዋን ያስቀምጣታል፣ ጉዝጓዙንም ያረጥባል።

ማዕድኑን ለብቻው ገዝቶ መቀላቀል የሚፈልግ ካለ ቁጥሩ ይህ ነው። ለአንድ ኩንታል መኖ በኪሎ 100 ሚሊ ግራም ማንጋኒዝ ለመጨመር 10 ግራም ንጹሕ ማንጋኒዝ ያስፈልጋል፤ 32 በመቶ ከሆነው ማንጋኒዝ ሰልፌት 31 ግራም ማለት ነው። ለዚንክም እንዲሁ፤ 35 በመቶ ከሆነው ዚንክ ሰልፌት 29 ግራም፣ 72 በመቶ ከሆነው ኦክሳይድ 14 ግራም። ሰልፌቱ በተሻለ ይገባል፤ ኦክሳይዱ ይረክሳል። ለማዳበሪያ የተሠራ ዚንክ ሰልፌት መኖ ውስጥ አይገባም፤ ካድሚየምና እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። ሴሌኒየምን ግን በፍጹም በራስ እጅ አትንኩ። ለኩንታል የሚበቃው 30 ሚሊ ግራም ነው፤ ከሶዲየም ሴሌናይት 66 ሚሊ ግራም ማለት ነው። ይህን የሐረር ወርቅ ሠሪ ሚዛን እንኳ በቅጡ አይመዝነውም። በስህተት አንድ ግራም ቢገባ መኖው በኪሎ 4.5 ሚሊ ግራም ይደርሳል፤ 5 ላይ መፈልፈል ይቀንሳል። ሁለት ግራም ቢገባ 9 ይሆናል፤ 10 አካባቢ አካለ ስንኩል ሽል ይመጣል። ለሚቀላቅለው ሰውም መርዝ ነው። ፋብሪካ ያቀጠነው ፕሪሚክስ ውስጥ ያለው ብቻ ይግባ።

ፕሪሚክሱን ከኩንታል መኖ ጋር በአንድ ጊዜ መድፋት ከሁሉ የተለመደው ስህተት ነው። 500 ግራሙን መጀመሪያ ከአንድ ኪሎ ደቃቅ የበቆሎ ዱቄት ጋር፣ ያንን ከ5 ኪሎ ጋር፣ ያንን ከ20 ኪሎ ጋር፣ ከዚያ ከቀረው ጋር ማዋሐድ ይገባል። በአካፋ ከሆነ ክምሩን ከቦታ ቦታ አምስት ጊዜ ማዞር ነው። ግማሽ ኪሎ ዘይት ቢረጭበት ዱቄቱ ከእህሉ ላይ ይጣበቃል። ዶሮ የበቆሎውን ፍርካሽ ለቅማ ዱቄቱን ትተዋለች፤ ማዕድኑ ያለው ደግሞ ዱቄቱ ውስጥ ነው። ገንዳው ላይ ሁልጊዜ አዲስ መኖ የሚደረብ ከሆነ ማዕድኑ ታች ተከማችቶ ይሻግታል። በቀን አንዴ ዱቄቱ እስኪያልቅ ጠብቆ መጨመር ነው።

ማዕድን በሙቀት አይበላሽም። አብረውት ያሉት ቫይታሚኖች ግን ይበላሻሉ፤ የመዳብና የብረት ሰልፌት እርጥበት ካገኙ ራሳቸው ያቃጥሏቸዋል። ቆርቆሮ ጣራ ሥር ዓመት የከረመ ፕሪሚክስ ከረጢቱ ላይ ያለው ጽሑፍ እውነት ቢሆንም እንኳ ውስጡ ሌላ ነው። የሦስት ወር ብቻ መግዛት፣ ከወለል ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ፣ ከፍቶ አለመተው ይበቃል። በውሃ የሚበጠበጠው «ቫይታሚን» ደግሞ ብዙ ጊዜ ማዕድን የለበትም፤ ማሸጊያው ላይ ማንጋኒዝና ዚንክ ካልተጻፈ ለዚህ ችግር አይረዳም። የእናት ዶሮ መኖም ለጫጩት አይሰጥ፤ ለጫጩት 1 በመቶ ካልሲየም ይበቃል፣ 3.5 በመቶው ኩላሊቱን ይጎዳል፣ ማንጋኒዙንና ዚንኩንም ይዘጋበታል።

ከመኖ አቀናባሪዎች የምንጠይቀው ቀላል ነገር ነው። በከረጢቱ ላይ ፕሮቲንና ካልሲየም እንደሚጻፈው ሁሉ ማንጋኒዝ፣ ዚንክ፣ አዮዲንና ሴሌኒየም በኪሎ ስንት እንደሆኑ፣ ሰልፌት ይሁኑ ኦክሳይድ፣ መቼ እንደተቀናበሩና ዶሮዋ በቀን ስንት ግራም እንድትበላ ታስቦ እንደተሠራ ይጻፍ። እንቁላል ገዝቶ የሚያስፈለፍል ሰውም አቅራቢውን ከዋጋ በፊት የመኖ ከረጢቱን አሳየኝ ይበለው።

መኖው ዛሬ ቢስተካከል ነገ የሚጣለው እንቁላል አይስተካከልም፤ አስኳሉ ቀድሞ ተጀምሯል። መኖው ከተስተካከለ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው የተሰበሰበው ማሽን ውስጥ አይግባ፤ ሦስት ሳምንት ቢጠበቅ ይበልጥ ያስተማምናል። ከዚያ ላይ 21 ቀን ጨምሩበት፤ ውጤቱ የሚታየው ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው። እስከዚያ ያለው እንቁላል ለቁርስ ቤቶች ይሸጥ፤ ለእንቁላል ፍርፍር ምንም አይጎድለውም።

ከአክብሮት ጋር
በዶሮ መኖ ሥራ ላይ ያለን አንባቢዎቻችሁ
ድሬዳዋ